ከመወጣጫው በኋላስ? መቆም ለማይችል ሰው ራጅ፣ ሲቲ ስካንና ኤም አር አይ እንዴት ይነሣል

ስለ አካል ጉዳተኛና ስለ ሆስፒታል ሲወራ ቶሎ የሚነሣው መወጣጫ ነው። ከደረጃው ጎን ዊልቸር የሚያስኬድ መንገድ ከተሠራ፣ በሩም ከሰፋ፣ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። አላለቀም። ሰውየው በመወጣጫው ገብቶ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «ራጅ ተነሥተህ ና» የተባለ ጊዜ ዋናው ጣጣ ገና መጀመሩ ነው። የራጅ አልጋው ከፍ ያለ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው፣ የራጁ ምስል የሚያርፍበት ሰሌዳ የተዘጋጀው ቆሞ ለሚነሣ ሰው ነው። ማዘዣው ላይ ደግሞ ታካሚው መቆም እንደማይችል የጻፈ የለም።

ለጎንደር ይህ ተራ ነገር አይደለም። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት። ዊልቸር ላይ ላለ ሰው ከማራኪ ፒያሳ መድረስ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣውም የከተማው ሰው ብቻ አይደለም። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ተጉዞ፣ መናኸሪያ ላይ በሰው ትከሻ ወርዶ፣ ከዚያ በባጃጅ የሚመጣ አለ። ከመተማ፣ ከአይከል፣ ከቆላድባም ይመጣል። ይህ ሰው ራጅ ክፍሉ በር ላይ «እንዲህ ሆነው አይነሣም» ተብሎ ቢመለስ ሕመሙ ሳይታወቅ ቤቱ ገባ ማለት ነው።

ጉዳዩ የሚመለከተው ማንን ነው?

ዊልቸር ላይ ያለን ሰው ብቻ አይደለም። በልጅነቱ ፖሊዮ የያዘው፣ በስትሮክ ግማሽ አካሉ የዛለ፣ በመኪና አደጋ ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ፣ በጦርነት እግሩን ያጣ፣ በስኳር ሕመም ምክንያት እግሩ የተቆረጠ ሰው ሁሉ አለበት። ጉልበታቸው በቁርጥማት የተያዘ አዛውንትም አሉ፤ እሳቸው ራሳቸውን አካል ጉዳተኛ ብለው አይጠሩም፣ ግን አልጋው ላይ መውጣት አይችሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ከበድ ያለ አካል ጉዳት እንዳለበት ይገምታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ምርመራው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእነዚሁ ሰዎች ነው። የአከርካሪ ቲቢ የያዘው ሰው እግሩ የሚዝለው በበሽታው ምክንያት ነው፤ በሽታውን የሚያሳየው ደግሞ ራጁና ኤም አር አዩ ነው። ስትሮክ የመታው ሰው በደም መፍሰስ ይሁን በደም ሥር መዘጋት የሚለየው በሲቲ ስካን ነው። ሕክምናው በሁለቱ መካከል ፍጹም የተለያየ ነው።

መሰናክሉ በትክክል የት ላይ ነው?

ከፍታ ላይ። አንድ መደበኛ ዊልቸር መቀመጫው ከመሬት 45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ከፍ ዝቅ የማይል የራጅ አልጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ70 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። በመካከል ያለችው ክፍተት አንድ ስንዝር ከምናምን ናት። እግሩ ለሚታዘዝ ሰው ምንም አይደለችም፤ ዘወር ብሎ ቁጭ ይላል። እግሩ ለማይታዘዝ ሰው ግን ግንብ ናት።

ታዲያ ክፍተቷን በምን እንሻገራለን? በጉልበት። አስታማሚው አንዱን ብብት ይይዛል፣ የጥበቃ ሠራተኛው ወይም እዚያው ወረፋ የሚጠብቅ ወጣት ሌላውን፤ አንድ ሰው እግር ይይዛል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ይባላል። ሰው ከልቡ እየረዳ ነው፣ በዚህ አልጠራጠርም። ነገር ግን ብብት ይዞ ማንሣት በስትሮክ የዛለ ትከሻን ከቦታው ሊያወጣ ይችላል። ለዓመታት ያልተራመደበት እግር አጥንቱ ሳስቷል፤ ትንሽ ጠምዘዝ ሲል ሊሰበር ይችላል። ስሜት የሌለው ቆዳ በአልጋው ጠርዝ ሲጎተት ይላጣል፣ ሰውየውም አይታወቀውም። የተሸከሙትም ቢሆኑ ወገባቸውን ይዘው ይወጣሉ።

ደህናው መንገድ ይህን ይመስላል። ዊልቸሩ ከአልጋው ጎን ትንሽ ሰያፍ ሆኖ ይቆማል። ፍሬኑ ይያዛል። የእግር ማሳረፊያው ይታጠፋል፣ በአልጋው በኩል ያለው የክንድ መደገፊያ ይነሣል። ከዚያ አንድ ለስላሳና ጠንካራ ሰሌዳ ግማሹ ከታካሚው መቀመጫ ሥር፣ ግማሹ አልጋው ላይ ይሆናል። ታካሚው በክንዱ እየተደገፈ በሰሌዳው ላይ ይንሸራተታል። ማንም ተሸክሞ አያነሣውም። ብዙ ሰዎች በዚህ ዘዴ ያለ ማንም እርዳታ ይሻገራሉ።

ይህ የሚሠራው ግን ሁለቱ ከፍታዎች ተቀራራቢ ሲሆኑ ነው። አልጋው በጣም ከፍ ካለ መካከለኛ ነገር ያስፈልጋል፦ ከፍ ዝቅ የሚል ቃሬዛ። ቃሬዛው ወደ ዊልቸሩ ልክ ዝቅ ይላል፣ ታካሚው ይሻገራል፣ ቃሬዛው ወደ ራጅ አልጋው ልክ ከፍ ይላል፣ ታካሚው በማንሸራተቻ ጨርቅ ይሻገራል። አንድ ጥሩ ቃሬዛ ከፍ ዝቅ የማይል አሮጌ የራጅ አልጋ ለብዙ ዓመት እንዲያገለግል ያስችለዋል። ለዚህ ነው ማሽን እስኪቀየር እንጠብቅ የሚለው መልስ የማያሳምነኝ።

ቁጭ ብሎ ወይም ተኝቶ የተነሣ ራጅ እኩል ነው?

እኩል አይደለም። ሰው ሁሉ ማወቅ ያለበት ክፍል ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ራጅ ጥላ ነው። ጨረሩ ከአንድ ቱቦ ይወጣል፣ በሰውነት ውስጥ ያልፋል፣ ከኋላ ያለው ሰሌዳ ላይ ያርፋል። ማታ መብራት ፊት እጃችሁን ግድግዳ ላይ አስጠግታችሁ ጥላውን እዩት፤ በእጃችሁ ልክ ነው። እጃችሁን ከግድግዳው እያራቃችሁ ወደ መብራቱ ስታስጠጉት ጥላው እያበጠ ይሄዳል። እጃችሁ ግን ያው ነው።

ልብም እንዲሁ ነው። ልብ ያለው ወደ ደረት ፊት ለፊት ቀረብ ብሎ ነው። ቆሞ የሚነሣ ሰው ደረቱን ሰሌዳው ላይ ይለጥፋል፣ ጨረሩ ከጀርባው በኩል ይመጣል። ቱቦው 180 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ልብ ለሰሌዳው ቅርብ ናት፣ ጥላዋም ከእውነተኛ መጠኗ ብዙም አይርቅም። ዊልቸር ላይ ወይም አልጋ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰሌዳው ከጀርባ ይገባል፣ ጨረሩ ከፊት ይመጣል። ተኝቶ ሲሆን ቱቦው ቀረብ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ወደ 100 ሴንቲ ሜትር። ልብ ከሰሌዳው ራቀች፣ ጥላዋ ሰፋ። ፊልሙን የሚያነበው ሐኪም እንዴት እንደተነሣ ካላወቀ «ልብዎ ጨምሯል» ሊል ይችላል። ሰውየው ያልያዘውን በሽታ ይዞ ይሄዳል።

ሌላም አለ። ሳንባ ዙሪያ ውኃ የቋጠረ ሰው ሲቆም ውኃው ወደ ታች ይወርድና ሥሩ ላይ ነጭ ሆኖ በግልጽ ይታያል። ሲተኛ ውኃው በጀርባው በኩል ይነጠፋል። ፊልሙ ላይ የሚታየው ደብዘዝ ያለ ነገር ብቻ ይሆናል፤ ትንሽ ከሆነም ጭራሽ አይታይም። አንጀቱ የተበሳ ሰውም እንዲሁ፦ ሲቆም ወይም ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ ከሳንባ ሥር እንደ ጨረቃ ቅርጽ ይታያል። ተኝቶ በጀርባው ሲነሣ ይሰወራል። ይህ ደግሞ ሰዓት የማይሰጥ ሕመም ነው።

መፍትሔው «መቆም ካልቻልክ አይሆንም» ማለት አይደለም። አማራጭ አቀማመጥ አለ። ቀጥ ብሎ መቀመጥ የሚችል ሰው ተቀምጦ ቢነሣ ከተኛ ይሻላል፤ የሰሌዳውን ከፍታ ወደ እሱ ዝቅ ማድረግ ነው እንጂ እሱ ወደ ሰሌዳው አይወጣም። የዊልቸሩ መደገፊያ ብረት ካለው ፊልሙ ላይ ስለሚወጣ ሰሌዳው በጀርባውና በመደገፊያው መካከል ይገባል። መቀመጥ የማይችል ሰው ደግሞ በጎኑ ተኝቶ፣ ጨረሩ በአግድም እየመጣ ይነሣል። አንጀት ተበስቷል ተብሎ ሲጠረጠር በግራ ጎን ማስተኛት ነው፤ አየሩ ወደ ቀኝ ጎን ይወጣና ከጉበት አጠገብ ይታያል። እነዚህ ዘዴዎች የራጅ ባለሙያ ሁሉ በትምህርት ቤት የተማራቸው ናቸው። ጊዜና ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋሉ።

አንድ ነገር ግን በፍጹም መቅረት የለበትም። ፊልሙ ላይ «ተቀምጦ» ወይም «ተኝቶ» ተብሎ መጻፍ አለበት። እናንተም ውጤቱን ለሐኪም ስታሳዩ «ዊልቸር ላይ ሆኜ ነው የተነሣሁት» በሉ።

ሲቲ ስካን ይቀላል?

ከብዙ አቅጣጫ፣ አዎ። ታካሚው አንዴ ከተኛ ምርመራው ራሱ በሰኮንዶች ያልቃል። ብዙዎቹ የሲቲ አልጋዎችም በቁልፍ ዝቅ ይላሉ። ችግሩ ሌላ ነው፤ የደረትና የሆድ ሲቲ ሲነሣ ሁለቱም እጆች ከራስ በላይ እንዲሆኑ ይፈለጋል። ትከሻው የደረቀ ሰው ይህን አይችልም። እጁ ከጎኑ ከሆነ ምስሉ ላይ ጭረት መሰል መስመሮች ይወጣሉ፣ ማሽኑም ጨረሩን ሊጨምር ይችላል። ያም ሆኖ አይነበብም ማለት አይደለም። አንዱን እጅ ብቻ ከፍ ማድረግም ይቻላል። ትከሻን በግድ መጎተት ግን የለም።

ኤም አር አይ ክፍል ዊልቸር ለምን አይገባም?

ኤም አር አይ ጨረር የለውም። የሚሠራው በማግኔት ነው። ብዙ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት 1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) የሚባለው ማሽን ከመሬት ማግኔታዊ ኃይል ወደ 30 ሺህ ጊዜ ያህል ይበረታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህን ነው፦ ማግኔቱ ሁልጊዜ እንደበራ ነው። ታካሚ ባይኖርም፣ ሌሊትም፣ እሑድም። ተራ የብረት ዊልቸር በሩን አልፎ ከገባ ማግኔቱ ስቦ ሊወረውረው ይችላል። የኦክስጅን ሲሊንደርም፣ ክራንችም፣ ብረት ያለበት ሰው ሠራሽ እግርም እንዲሁ። በሌላ አገር በዚህ ሳቢያ ሰው ሞቷል።

ስለዚህ ታካሚው ከበሩ ውጭ ነው የሚቀየረው። ማግኔት ወደማይስበው ዊልቸር ወይም ቃሬዛ ይሻገርና በዚያ ይገባል። አንዳንድ ማሽኖች አልጋቸው ተነቅሎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ታካሚው ውጭ ተኝቶ ከነአልጋው ይገባል። ኤም አር አይ ገዝቶ ማግኔት የማይስበውን ዊልቸር አለመግዛት ግዢውን በግማሽ መተው ነው ብዬ አምናለሁ። ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የዊልቸሩ ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ገብቶ ከተኛ በኋላ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ምርመራው ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ግድ ነው። ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ግን እግሩ ራሱን ችሎ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ሰውየው ፈልጎ አይደለም፤ «አትንቀሳቀስ!» ብሎ መቆጣት ከንቱ ነው። ከጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያረጋጋዋል። ካልሆነ ሐኪሙ የሚያረግብ መድኃኒት አስቀድሞ ሊያዝ ይችላል።

ታካሚው እጁ ላይ የሚይዛት የምትጨመቅ ኳስም አለች። ሲጨንቀው ይጨምቃታል፣ ውጭ ያለው ባለሙያ ይሰማል። ጣቱ የማይታዘዝ ሰውስ? ሌላ ምልክት ከመግባቱ በፊት መስማማት ያስፈልጋል። ኳሷን በሚታዘዘው ጎን ማድረግ፣ ወይም በየጥቂት ደቂቃው በድምፅ መነጋገሪያው «እንዴት ነዎት?» እያሉ መልስ መጠበቅ። ይህ የትሕትና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የደህንነት ጉዳይ ነው። ምክንያቱም ኤም አር አይ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ባዶ እጅ ከባዶ ጭን ጋር ሲነካካ፣ ወይም የማሽኑ ገመድ ቆዳ ላይ ሲያርፍ፣ በዚያ ቦታ ሙቀት ሊፈጠር ይችላል። ስሜት ያለው ሰው «አቃጠለኝ!» ይላል። ከወገብ በታች የማይሰማው ሰው ዝም ይላል። ለእሱ በመካከል ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ማድረግ የባለሙያው ኃላፊነት ነው።

ሰውነታችሁ ውስጥ ብረት ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ። አከርካሪን ወይም አጥንትን ለመጠገን የገባ ብረት ብዙ ጊዜ ኤም አር አይ አይከለክልም፤ ዓይነቱ ግን መታወቅ አለበት። የጥይት ወይም የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ያለበት ሰው፣ በተለይ ዓይኑ ወይም ሕብለ ሰረሰሩ አጠገብ ከሆነ፣ ሳይናገር መግባት የለበትም። የት እንዳለ ቀድሞ በራጅ ይታያል። በእኛ አካባቢ «አዎ፣ ፍንጣሪ አለብኝ» ብሎ የሚመልስ ሰው ብዙ ስለሆነ ጥያቄው በሩጫ የሚታለፍ መሆን የለበትም።

የጡት ምርመራና አልትራሳውንድስ?

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። ማሞግራፊ የሚባለው የጡት ራጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ይነሣል። ማሽኑ ጡት የሚያርፍበት ሰሌዳ ዝቅ የሚል ከሆነና ከሥሩ ለጉልበት ቦታ ካለ ዊልቸር ላይ ሆኖም ይቻላል። ችግሩ ሰውነትን ወደ ፊት ማስጠጋት ነው፤ ከጀርባ ትራስ ይገባል፣ የክንድ መደገፊያ ይነሣል፣ አንድ ረዳት ይጨመራል። ካልተቻለ አልትራሳውንድ ይረዳል። አልትራሳውንድ ማሞግራፊን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ግን እብጠት ያገኘች ሴት መቆም ስላልቻለች ምንም ሳትታይ ወራት መጠበቅ የለባትም።

አልትራሳውንድ ራሱ ከሁሉም የዋህ ነው፤ መሣሪያው ወደ ሰውየው ይሄዳል። ብዙውን ምርመራ ዊልቸር ላይ እንደተቀመጡ መሥራት ይቻላል። በብልት በኩል የሚደረገው ምርመራም እግሯን መክፈት ለማትችል ሴት በጎን ተኝታ ይሠራል። ይህ ለእሷም ክብሯን ይጠብቃል።

የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበት ሰው ምን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል?

ሁለት ነገር። የመጀመሪያው የአልጋ ቁስል ነው። የራጅና የሲቲ አልጋ ደረቅ ነው። ስሜት የሌለው ሰው ኮሪደር ላይ ቃሬዛ ላይ ሁለት ሰዓት ወረፋ ጠብቆ፣ ከዚያ ደረቅ አልጋ ላይ ቢተኛ፣ መቀመጫውና ተረከዙ ላይ ቁስል ሊጀምር ይችላል። ቁስሉን ለማዳን ወራት ይወስዳል። ጨረር የሚያሳልፍ ስፖንጅ ከሥር ማንጠፍ፣ ወረፋ ላይ ማገላበጥና ቅድሚያ መስጠት ይህን ይከላከላል።

ሁለተኛው እምብዛም አይወራም፣ ግን ሕይወት ያሳጣል። ጉዳቱ ከደረት መሃል በላይ የሆነ ሰው ፊኛው ሲሞላ፣ ሽንት እንዲያወጣ የገባለት ቱቦ ሲታጠፍ ወይም ቀበቶ ሲያጠብቀው የደም ግፊቱ በድንገት ሊተኮስ ይችላል። ሰውነቱ ሕመሙን አይሰማውም፤ ነርቮቹ ግን ይቆጣሉ። ምልክቱ ከባድ ራስ ምታት፣ ከጉዳቱ በላይ ላብ፣ የፊት መጋል ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በግልጽ ስለማይታይ «ራስዎን ያመዎታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እንዲህ ከሆነ ምርመራው ይቆማል። ታካሚው ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ ያጠበቀው ነገር ይፈታል፣ የሽንት ቱቦው ይታያል፣ ሐኪም ወዲያው ይጠራል። ከምርመራ በፊት ፊኛን ባዶ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ከሥሩ ይከላከለዋል።

አስታማሚ ገብቶ ሊይዘው ይችላል?

በራጅና በሲቲ፣ ሌላ መንገድ ከጠፋ ብቻ። ትራስ፣ አሸዋ የተሞላ ከረጢትና ማሰሪያ ቀድመው ይሞከራሉ። ሰው የግድ ከሆነ የእርሳስ ሽርጥ ይለብሳል፣ ጨረሩ በቀጥታ የሚያልፍበት ቦታ ላይ አይቆምም። ነፍሰ ጡር ሴት አትገባም። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነም አይገባም። በየቀኑ አንድ ሠራተኛ «አንተ ያዝልኝ» እየተባለ መግባቱም ልክ አይደለም፤ ጨረሩ በእሱ ላይ ይጠራቀማል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ልማድ አለ፤ ታካሚው ቁጭ ብሎ እያለ ጥያቄው ለአስታማሚው ይቀርባል። «መቆም ይችላሉ? የት ነው የሚያማቸው?» ይባላል፣ ሰውየው እዚያው እየሰማ። እግሩ እንጂ አንደበቱ አልታመመም። «አባባ፣ በየትኛው ጎን ቢሻገሩ ይቀልዎታል?» ማለት መልካም አነጋገር ነው፤ ሥራውንም ያፋጥናል። ዊልቸር ላይ ዓመታት የኖረ ሰው ሰውነቱን እንዴት እንደሚያሻግር ከማንም በላይ ያውቃል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 25 አካል ጉዳተኞች ሌላው ሰው በሚያገኘው ዓይነት፣ ጥራትና ደረጃ ሕክምና እንዲያገኙ ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ይህ የሕንፃ አዋጅ የተናገረው ስለ መግቢያና ስለ መጸዳጃ ቤት ነው። ራጅ ክፍሉ ውስጥ ስላለው አልጋ ከፍታ አይደለም። አሜሪካ ይህን ክፍተት ለመድፈን ለሕክምና መመርመሪያ መሣሪያ ራሱ መለኪያ አወጣች፤ መለኪያው በ2017 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ2024 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው መሠረት ታካሚ የሚሻገርበት መሣሪያ ወደ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። በዚያው ዓመት የክልልና የከተማ አስተዳደር የጤና ተቋማት ከእያንዳንዱ ዓይነት መሣሪያ ቢያንስ 10 በመቶው፣ ከአንድም ሳያንስ፣ ይህን እንዲያሟላ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። እዚያ የወጣ ሕግ እኛን አያስገድድም። ግን ማሽን የሚያመርቱት ኩባንያዎች በአብዛኛው የዓለም ገበያ ላይ የሚሸጡ ናቸው። ጨረታ ሲወጣ ዝርዝሩ ውስጥ «አልጋው ዝቅ ሲል ስንት ይደርሳል?» የሚል መስመር ማስገባት የሚከለክለን የለም።

አቅም የሌለው ተቋም ዛሬ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ከሁሉ የሚቀድመው ማዘዣው ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። «ይቆማል? ይቀመጣል? ለመሻገር እርዳታ ይፈልጋል?» ይህች መስመር ካለች ራጅ ክፍሉ ታካሚው ሳይመጣ ይዘጋጃል፣ ረዘም ያለ ሰዓት ይይዝለታል። ከሩቅ የመጣ ሰው በር ላይ አይመለስም። ማንሸራተቻ ሰሌዳው በጥሩ አናጢ ሊሠራ ይችላል፤ ጠርዙ መለስለሱን፣ ክብደት መቻሉንና በመድኃኒት መጸዳት መቻሉን ማረጋገጥ ነው።

ሥልጠናው ደግሞ ደጃችን ላይ ነው። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል። ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ሥራም አለው። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋርም በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በአካል ጉዳተኝነትና በተሐድሶ ላይ ይሠራል። ሰውን ሳይጎዱ ማሻገር የፊዚዮቴራፒስት የዕለት ሥራ ነው። በከተማዋ ላሉ የራጅ ባለሙያዎች፣ ተላላኪዎችና የጥበቃ ሠራተኞች ግማሽ ቀን ቢያሳዩ የብዙ ሰው ትከሻና እግር ይተርፋል። በእኔ እይታ ጎንደር በዚህ ከሌሎች ከተሞች ቀድማ ልትጀምር የማትችልበት ምክንያት የለም።

ታካሚና አስታማሚ ምን ይዘጋጁ?

ማዘዣውን ስትቀበሉ እዚያው ሐኪሙ ፊት «መቆም አልችልም፣ ይጻፉልኝ» በሉ። ራጅ ክፍሉ ቅርብ ከሆነ ዘመድ ቀድሞ ሄዶ አልጋው ዝቅ ይል እንደሆነ፣ ቃሬዛ እንዳለ ይጠይቅ። በቀላሉ የሚወልቅ፣ ዚፕና ብረት የሌለው ልብስ ልበሱ። የራሳችሁን ማንሸራተቻ ሰሌዳና የዊልቸር ትራስ ይዛችሁ ሂዱ። ቀድሞ የተነሣችሁት ፊልም ካለ አትርሱት፤ በተለያየ አቀማመጥ የተነሡ ሁለት ፊልሞችን ማነጻጸር ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ከመግባታችሁ በፊት ፊኛችሁን ባዶ አድርጉ፤ ለአልትራሳውንድ ይሙላ ከተባላችሁና የሕብለ ሰረሰር ጉዳታችሁ ከደረት መሃል በላይ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ንገሩ።

ማታ ቤት ስትገቡ ደግሞ ስሜት የሌለውን ቆዳ በመስተዋት ወይም በዘመድ ዐይን አስዩት፦ መቀመጫ፣ ተረከዝ፣ ጀርባ፣ የክርን ጫፍ። የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የተላጠ ቦታ ካለ በዚያ ጎን አትተኙ፣ አትቀመጡም። በማግስቱ ካልጠፋ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።